ዴቪድ ሞፋትና ሁለቱ ዋሻዎች

ለዘንድሮው የመገናኛ በዓል መጽሐፋችን አንድ ነገር እንድጽፍ ስጠየቅ መጀመሪያ ያሰብኩት እንደ ሌሎቹ ጓደኞቼ የዶርም ትዝታ ማውጣት ነበር። የአምስት ኪሎን የሰርቬይንግ ልምምድ፣ በዝናብ የተሸከምነውን ቴዎዶላይት፣ የፈተና ሰሞን ሌሊቶችን። እነዚህን ግን ከኔ የተሻለ ብዕር ያላቸው ባለፉት ዓመታት ጽፈዋቸዋል። እኔ የምኖረው ዴንቨር፣ ኮሎራዶ ነውና እዚህ አገር መጥቼ የተዋወቅሁትን አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ። ዴቪድ ሞፋት ይባላል። ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። መሐንዲስ አልነበረም፣ ባንከኛ ነበር። ሆኖም ከብዙ መሐንዲሶች ታሪክ ይልቅ የሱ ሕይወት ለኛ የሚነግረን ነገር አለ ብዬ ስለማምን ነው ይህን መጻፌ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትውውቃችን እንዲህ ነው። ከተመረቅሁ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል በአንድ ጥናት ላይ ሠርቻለሁ። ጥናቱ የአንድን ወንዝ ውሃ በተራራ ውስጥ አሻግሮ ወደ ሌላ ሸለቆ ለመውሰድ የሚያስችል ዋሻ ይሠራ እንደሆነ ማየት ነበር። ድንኳን ውስጥ ኖረን፣ ጉድጓድ አስቆፍረን፣ ድንጋዩን በሣጥን ደርድረን፣ ሪፖርቱን በሦስት ጥራዝ አስረከብን። ከዚያ በኋላ ስለ ጥናቱ የጠየቀን ሰው የለም። መደርደሪያ ላይ ቀረ። እኔም አገር ለቅቄ ወጣሁና ዴንቨር ገባሁ። እዚህ ብዙዎቻችን እንደጀመርነው በመኪና ማቆሚያ ሥራ ጀመርኩ። በዚያች ትንሽ የመስታወት ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ቲኬት ስቆርጥ፣ እነዚያ ሦስት ዓመታት የባከኑ ናቸው ብዬ ደምድሜ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ልጄ ባቡር ማየት ስለሚወድ አንድ ቀን ካሊፎርኒያ ዜፈር በሚባለው የረጅም ርቀት ባቡር ወደ ምዕራብ ተሳፈርን። ባቡሩ ከዴንቨር ወጥቶ ተራራውን ሲጠጋ ታላቅ ጥምዝ አለ። እዚያ ጥምዝ ላይ አሸዋ የተሞሉ አሮጌ የጭነት ፉርጎዎች ለነፋስ መከላከያ ተደርድረው ቆመዋል። ከዚያ በኋላ አጫጭር ዋሻዎች እየተከታተሉ መጡ፣ ልጄ ሃያ ድረስ ቆጥሮ ተወው። በመጨረሻ የባቡሩ ሠራተኛ ጭስ እንዳይገባ ማንም ከፉርጎ ወደ ፉርጎ እንዳያልፍ አስታወቀ። ጨለማ ውስጥ ገባን። አሥር ደቂቃ ያህል ጨለማ! ጣርማ በር ላይ በአውቶቡስ ያለፋችሁ ያችን ዋሻ ታስታውሷታላችሁ፣ ገባን ስንል የምንወጣባትን። እሷ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ትንሽ ብትበልጥ ነው። ይሄኛው አሥር ኪሎ ሜትር ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዋሻው የሞፋት ዋሻ እንደሚባል፣ ሞፋት ግን አንድም ቀን እንዳላየው፣ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ ለዴንቨር የሚጠጣ ውሃ የሚሄድበት ሌላ ዋሻ እንዳለ ነገሩኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የዚህን ሰው ነገር ስከታተል ኖሬያለሁ።

ከተላላኪነት እስከ ባንክ ፕሬዚዳንትነት

ሞፋት የተወለደው በ1839 በኒው ዮርክ ግዛት፣ ዋሺንግተንቪል በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። ገና በአሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ ከቤቱ ወጥቶ ኒው ዮርክ ከተማ በአንድ ባንክ ተላላኪ ሆነ። ዩኒቨርሲቲው ባንክ ቤቱ ነው ማለት ይቻላል። ጥቂት ቆይቶ ወደ ምዕራብ አቀና፤ መጀመሪያ አይዋ፣ ቀጥሎ ነብራስካ፣ ኦማሃ። ኦማሃ ላይ ሃያ ዓመት እንኳ ሳይሞላው በመሬት ንግድ ገንዘብ አፈራ። የ1857ቱ የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ያፈራው ሁሉ እንደ ጉም ተነነ።

በ1860 ወደ ዴንቨር መጣ። ያን ጊዜ ዴንቨር ወርቅ አለ ተብሎ ሰው የተንጋጋባት፣ ከተቆረቆረች ሁለት ዓመት ያልሞላት ሰፈር ነበረች። ወርቅ ፍለጋ የመጣው ሁሉ አካፋ ሲይዝ ሞፋት ከሸሪኩ ጋር የመጽሐፍና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከፈተ። ወርቅ ፈላጊው ደብዳቤ ይጽፋል፣ ጋዜጣ ይናፍቃል፤ ሞፋት ወረቀቱንና ጋዜጣውን ይሸጥለታል። በዓመቱ ወደ ምሥራቅ ተመልሶ ፍራንሲስ ባክሃውት የተባለችውን እጮኛውን አገባና ይዟት መጣ። በጥቂት ዓመታት ሠርቶ ሊመለስ ያሰበ ሰው እንደነበር ይነገራል። እንደ ብዙዎቻችን እሱም ሳይመለስ ቀረ።

የዴንቨር ፈርስት ናሽናል ባንክ በ1865 ሲቋቋም ከሰዎቹ አንዱ ሆነ። በ1867 የባንኩ ገንዘብ ያዥ፣ በ1880 ፕሬዚዳንት ሆነ፤ እስኪሞትም በዚያ ወንበር ላይ ቆየ። የሞፋት እጅ ያልነካው ነገር አልነበረም። በሌድቪል የብር ማዕድን፣ በክሪፕል ክሪክ ወርቅ፣ ከዎልተር ቺዝማን ጋር ደግሞ ለዴንቨር ውሃ የሚያቀርብ ኩባንያ ነበረው። ይህን የውሃ ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ቅዱስ አድርጌ ላቀርበው አልፈልግም። ሌድቪል ላይ ሊትል ፒትስበርግ የተባለ የብር ማዕድን ኩባንያ ነበር። ማዕድኑ እያለቀ መሆኑን ሕዝቡ ሳያውቅ እሱና ሸሪኩ ጄሮም ቻፊ ድርሻቸውን ሽጠው ወጡ፣ ቀጥሎም በ1880 የአክሲዮኑ ዋጋ ወደቀ። የገዙት ሰዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ። የውሃው ኩባንያም ከተማዋን ለብቻው የያዘ ስለነበር ከሕዝቡ ጋር ክርክር አላጣውም። እንዲህ ያለ ነጋዴ ነው፣ በሽምግልናው የሌላውን ሳይሆን የራሱን ገንዘብ ለአንድ ተራራ የገበረው።

ግድግዳው

የሞፋትን ተራራ ለመረዳት ካርታ ማየት ያስፈልጋል። ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች፤ ከጀርባዋ በምዕራብ በኩል የሮኪ ተራሮች እንደ ግድግዳ ቆመዋል። የግድግዳው ጫፍ የአህጉሩ ውሃ መለያ ነው። ወዲህ የወረደ ዝናብ ወደ አትላንቲክ፣ ወዲያ የወረደው ወደ ፓሲፊክ ይሄዳል። በ1860ዎቹ አገር አቋራጩ የዩኒየን ፓሲፊክ ሐዲድ ሲሠራ ይህን ግድግዳ ሸሽቶ በሰሜን በኩል በዋዮሚንግ አለፈ። ያን ጊዜ ባቡር ያላገኘ ከተማ የሞተ ከተማ ነው። የዴንቨር ሰዎች ተሰባሰቡና ከገዛ ኪሳቸው አዋጥተው እስከ ሻየን 170 ኪሎ ሜትር ያህል ሐዲድ ዘረጉ፤ በሰኔ 1870 የመጀመሪያው ባቡር ዴንቨር ገባ። ሞፋት ከአዋጪዎቹና ከመሪዎቹ አንዱ ነበር። ከተማን ከሞት የሚያድን ሐዲድ ምን እንደሚመስል ያየው ያኔ ነው።

ቢሆንም ዴንቨር የቅርንጫፍ መጨረሻ ሆና ቀረች። ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ወይ ወደ ሰሜን ወይ ወደ ደቡብ መዞር አለበት። ሞፋት በ1887 የዴንቨርና ሪዮ ግራንዴ የባቡር ኩባንያ ፕሬዚዳንት ሲሆን ይህን ዙሪያ ጥምጥም ለመቁረጥ ሞከረ። ባለአክሲዮኖቹ የሚያወጣውን ገንዘብ አልወደዱለትም፣ በ1891 ወጣ። ክሪድ ወደተባለ የብር ሰፈር ሐዲድ እንዲገባ ሲጠይቅ ኩባንያው እምቢ ስላለው በራሱ ገንዘብ አስዘረጋው፤ ያም አተረፈለት። እኔ እንደሚመስለኝ ያ ትርፍ ነው ኋላ ያሳተው። ሰዎች እምቢ ሲሉኝ ብቻዬን እሠራዋለሁ፣ እነሱም ይከተሉኛል የሚል እምነት አሳደረበት።

በ1893 የብር ዋጋ ሲወድቅ ዴንቨር ውስጥ በሦስት ቀን አሥራ ሁለት ባንኮች በራቸውን ዘጉ። የሞፋት ባንክ ከቆሙት አንዱ ነበር።

ከደመና በላይ የተዘረጋ ሐዲድ

በ1902 ሞፋት 63 ዓመቱ ነበር። ባለጸጋ ነው፣ ስሙ የተከበረ ነው፣ ጡረታ ቢወጣ የሚጠይቀው የለም። እሱ ግን በዚያ ዓመት አዲስ የባቡር ኩባንያ አቋቋመ፤ ዴንቨር፣ ኖርዝዌስተርንና ፓሲፊክ ይባላል። ግቡ ከዴንቨር በቀጥታ ግድግዳውን ሰንጥቆ ሶልት ሌክ ሲቲ መድረስ ነው። ዋና መሐንዲሱ ኤች. ኤ. ሰምነር መስመሩን ከሜዳው እስከ ተራራው ልብ በመቶ ሁለት ሽቅብ አወጣው፤ እኔና ልጄ የቆጠርናቸው ትንንሽ ዋሻዎች የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። ዛሬም ባቡር ይሄድባቸዋል።

ዋናው ዋሻ ግን ገንዘብ ይጠይቃል። ሞፋት ባቡሩ ቀድሞ ከሄደና ገቢ ካመጣ አበዳሪ ይገኛል ብሎ አሰበ። ስለዚህ ለጊዜው ብቻ ተብሎ ሐዲዱ በተራራው አናት ላይ፣ በሮሊንስ በር በኩል ተዘረጋ። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,550 ሜትር ይበልጣል፤ እንጦጦ አናት ላይ ሌላ ኮረብታ ብትጭኑበት ነው። ሽቅቡ በመቶ አራት ደረሰ። የባቡር መንገድ ያስተማሩን መምህራኖቻችን ይህን ቁጥር ሲሰሙ ራሳቸውን እንደሚይዙ አውቃለሁ፤ የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ በዚህ ሽቅብ ምን ያህል ጭነት እንደሚጎትት ፈተና ላይ አስልተነዋል። አንድ ባቡር ለመጎተት ብዙ ሎኮሞቲቮች ይቀጠሉ ነበር። አናቱ ላይ ኮሮና የምትባል ጣቢያ ነበረች፤ ሐዲዱ በረዶ እንዳይቀብረው በእንጨት ጣራ የተሸፈነ ስለነበር ጭሱ ሠራተኛውን ያፍነው ነበር። ክረምት ሲመጣ በረዶ ጠራጊ ባቡር ፊት ፊት እየሄደ፣ አንዳንዴም ተሳፋሪው ለቀናት ተራራ ላይ እየታገተ፣ ኩባንያው የሚያገኘውን ገቢ በረዶው በላው። ገቢ ያመጣል የተባለው ጊዜያዊ መንገድ ዋሻውን የሚያስቆፍረውን ገንዘብ ጨረሰው።

ጠላትም አልጠፋም። የዩኒየን ፓሲፊኩ ኢ. ኤች. ሃሪማንና የሪዮ ግራንዴው ጆርጅ ጉልድ አዲስ ተፎካካሪ አልፈለጉም። ሁለቱ ኒው ዮርክ ባሉ አበዳሪዎች ዘንድ የነበራቸው ተሰሚነት ትልቅ ስለነበር ሞፋት የገንዘብ በር ሁሉ ይዘጋበት ጀመር። ዴንቨር ዋናው ጣቢያ ውስጥ ቦታ ስላጣ የራሱን ትንሽ የጡብ ጣቢያ ሠራ። ያች ጣቢያ ዛሬም አለች፤ የአረጋውያን መኖሪያ ግቢ ውስጥ ገብታ ታድሳለች። ጎር በሚባለው የኮሎራዶ ወንዝ ገደል ውስጥ ሐዲዱ በሚያልፍበት ቦታ የኃይል ማመንጫ ግድብ እንሠራለን የሚሉ ተነሡበት፤ ክርክሩ ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ዘንድ ደርሶ ለሞፋት ተፈረደለት። እንዲህ እየተንገዳገደ ሐዲዱ በ1908 መጨረሻ ስቲምቦት ስፕሪንግስ ደረሰ። ሶልት ሌክ ገና ሩቅ ነው። የሞፋት ገንዘብ አለቀ።

የካቲት 27 ቀን 1911 የኮሎራዶ ምክር ቤት በሰሜን ምዕራብ ጥግ አዲስ አውራጃ ፈጥሮ ሞፋት ብሎ ሰየመው። ሰውዬው ገና በሕይወት አለ፤ ባቡሩ ግን አውራጃው ውስጥ አልገባም። ሦስት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ መጋቢት 18 ቀን ሞፋት ለዋሻው ገንዘብ ሊለምን በሄደበት ኒው ዮርክ፣ ሆቴል ውስጥ ሞተ። 71 ዓመቱ ነበር። ተላላኪ ሆኖ ሥራ በጀመረበት ከተማ መሞቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ያን ሁሉ ሀብት ያፈራ ሰው ሀብቱን ማለት ይቻላል በሐዲዱ ላይ ጨርሶ ነው የሄደው።

የአንድ ሰው ዕዳ የብዙ ሰው ሲሆን

በዓመቱ ኩባንያው ከስሮ በፍርድ ቤት አስተዳዳሪ እጅ ገባ። አዲሶቹ ባለቤቶች ሐዲዱን በ1913 ክሬግ አደረሱት፤ የሞፋት አውራጃ ዋና ከተማ ናት። እዚያ ላይ ቆመ። ሶልት ሌክ አልደረሰም፣ እስከ ዛሬም በዚያ በኩል አልደረሰም።

ዋሻውን በሕዝብ ቦንድ እንሥራው የሚል ሐሳብ ሞፋት ከሞተ በኋላ ደጋግሞ ተነሣ። የዴንቨር መራጮች አንዴ አጸደቁት፣ ፍርድ ቤት ሻረው። በ1920 ለመላው ግዛት ሕዝብ ቀረበ፣ ወደቀ። ደቡቦቹ በተለይም የፑዌብሎ ሰዎች ባቡሩ ሁሉ በነሱ በኩል ስለሚያልፍ የዴንቨር ዋሻ ገበያቸውን እንደሚወስድ ያውቃሉ፤ እምቢ ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ነገሩን የቀየረው ጎርፍ ነው። ሰኔ 3 ቀን 1921 የአርካንሳስ ወንዝ ሞልቶ የፑዌብሎን መሐል ከተማ ጠረገው፤ ብዙ ሰው ሞተ። ፑዌብሎ ለጎርፍ መከላከያ የግዛቱን ምክር ቤት ድምፅ ፈለገች። ዴንቨርና ሰሜኖቹ ደግሞ ለዋሻው የፑዌብሎን ድምፅ ይፈልጋሉ። በ1922 ምክር ቤቱ በአስቸኳይ ሲጠራ ሁለቱ ወገኖች ተሰጣጡ። ፑዌብሎ መከላከያዋን አገኘች፣ ዋሻውም የራሱ ግብር የሚሰበስብ፣ ቦንድ የሚሸጥ የሞፋት ዋሻ ልማት ወረዳ ሆኖ ተቋቋመ። አንድ ባለጸጋ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በግሉ ለምኖ ያጣውን ገንዘብ፣ መሬትና ቤት ያለው ተራ ሰው ሁሉ በየዓመቱ በሚከፍለው ግብር ሸፈነው። የመጀመሪያው ቦንድ 6.72 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሲጠናቀቅ ወጪው ከእጥፍ በላይ ሆኗል።

እዚህ ላይ ለመሐንዲሶቹ ትንሽ ልዘርዝር። ቁፋሮው በ1923 በተራራው ምሥራቅና ምዕራብ ደጃፍ ተጀመረ። ሠራተኞቹ ከነቤተሰቦቻቸው የሚኖሩባቸው ሁለት ሰፈሮች ተሠሩ። አንድ ትልቅ ዋሻ ብቻ አልቆፈሩም። መጀመሪያ 2.4 ሜትር በ2.4 ሜትር ያህል የሆነ ትንሽ ዋሻ ያስቀድማሉ፤ ከሱ 23 ሜትር ያህል ርቆ ጎን ለጎን ዋናው ዋሻ ይከተላል፣ ቁመቱ ከ7 ሜትር በላይ፣ ስፋቱ 5 ሜትር ያህል። ትንሹ ቀድሞ ሲሄድ ድንጋዩ ምን እንደሆነ ይነግራል፣ ውሃውን ያስወግዳል፣ አየር ያስገባል። በየተወሰነ ርቀት ደግሞ ከትንሹ ወደ ዋናው መስመር አቋራጭ ይበሳና በብዙ ግንባር ባንድ ጊዜ ይቆፈራል። በሌላ አነጋገር ትንሹ ዋሻ የትልቁ አገልጋይ ነበር።

በምሥራቁ በኩል ድንጋዩ ጠንካራ ስለነበር በድማሚት እየተበሳ ጥሩ ሄደ። የምዕራቡ በኩል ግን የተፈረካከሰ፣ እንደ ጭቃ የሚሳብ ድንጋይ ሆኖ ተገኘ፤ ወፋፍራም የእንጨት ምሰሶዎችን እንደ ክብሪት ይሰብር ነበር። ከተራራው አናት ካለ ሐይቅ የሚወርድ ውሃ በስንጥቅ ገብቶ ሥራውን አጥለቀለቀው። ሥራ አስኪያጁ ጆርጅ ሉዊስ ረጃጅም የብረት ተሸካሚዎችን ፈለሰፈ። ተሸካሚዎቹ ከኋላ ተደግፈው ከፊት ጣራውን ይዘው ወደፊት እየተገፉ፣ ከሥራቸው ያለው ድንጋይ እስኪወጣ ሰዎቹን ከናዳ ይጠብቃሉ። ያ መሣሪያ ባይኖር ምዕራቡ ባልተበሳ ነበር ይባላል። እንዲያም ሆኖ ሐምሌ 30 ቀን 1926 ናዳ ወርዶ ስድስት ሰዎች ባንድ ጊዜ ሞቱ። በጠቅላላው 28 ሰው ሞቷል። ዋሻው በማናቸውም ስም አልተጠራም። ይህን ጽሑፍ ስለ ሞፋት ብጽፈውም፣ ሞፋት ገንዘቡን ነው የከፈለው፤ እነሱ የከፈሉት ሌላ ነው። ሁለቱን ባንድ ሚዛን ማስቀመጥ ይከብደኛል።

ትንሹ ዋሻ በየካቲት 1927 ከሁለቱ አቅጣጫ ተገናኘ፤ የመጨረሻውን ድማሚት ፕሬዚዳንት ካልቪን ኩሊጅ ከዋሺንግተን ቁልፍ ተጭነው በቴሌግራፍ ሽቦ አፈነዱት። ትልቁ በሐምሌ ተገናኘ። የካቲት 26 ቀን 1928 የምረቃ ባቡር አለፈ። ርዝመቱ አሥር ኪሎ ሜትር፣ ከፍተኛው ነጥብ 2,816 ሜትር። የሮሊንስ በር ሐዲድ፣ ያ ለጊዜው ብቻ የተባለው፣ ሃያ አራት ዓመት አገልግሎ ተተወ።

አገልጋዩ ዋሻ

ዋሻው ሲከፈት ደግሞ ሌላ ጉድ። ተራራው ተበሳ፣ ሐዲዱ ግን አሁንም ክሬግ ላይ ቆሟል፤ የትም አይወስድም። ሞፋት ያሰበው አገር አቋራጭ መንገድ የተገኘው በ1934 ነው፤ ሌላ ኩባንያ ከሞፋት ሐዲድ ተነሥቶ የሪዮ ግራንዴን መስመር የሚያገናኝ 61 ኪሎ ሜትር ቅጥያ ሲሠራ። የቅጥያው አንዱ ጫፍ ዶትሴሮ ይባላል። ሌላውን ጫፍ ደግሞ ስሙን በላቲን ፊደል ከኋላ ወደፊት አንብበው ኦሬስቶድ አሉት። የመሐንዲስ ቀልድ በየአገሩ አንድ ነው! ዴንቨር በአገር አቋራጭ መስመር ላይ የተቀመጠችው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሞፋት ከሞተ ከ23 ዓመት በኋላ፣ እሱ በሠራው ሳይሆን ሲቃወሙት የነበሩት ወገኖች ኩባንያ በሠራው ቅጥያ።

አሁን ወደ ውሃው። ሞፋት የነበረበትን የውሃ ኩባንያ የዴንቨር ከተማ በ1918 ገዝታ የሕዝብ አድርጋዋለች። ከተማዋ እያደገች፣ ሜዳው ደረቅ፣ የ1930ዎቹ ድርቅም በላዩ ላይ። ዝናቡና በረዶው በብዛት የሚወርደው ከግድግዳው ወዲያ ነው። የዋሻው ዕቅድ የሕዝብ ከሆነበት ጊዜ ጀምሮ ትንሹ ዋሻ ኋላ ውሃ እንዲያስተላልፍ ታስቦ ነበር። ከተማዋ ተከራየችው፣ አሰፋችው፣ በኮንክሪት አለበሰችው። ሰኔ 10 ቀን 1936 ወደ ፓሲፊክ ይሄድ የነበረው የፍሬዘር ወንዝ ሸለቆ ውሃ ተራራውን በስተሥር አልፎ ወደ ዴንቨር መጣ። ዛሬ ትልቁ ዋሻ ቢዘጋ የከሰል ጭነትና መንገደኛ በሌላ በኩል ይዞራል። ትንሹ ቢዘጋ ግን እኔ የምኖርበት ከተማ ሰዎች ቧንቧ ላይ የሚሰማ ነው። አገልጋዩ ጌታ ሆነ።

ይህም ያለ ዋጋ አልሆነም። ከተራራው ወዲያ ፍሬዘር ሸለቆ ውስጥ ያሉ ሰዎች ወንዛቸው ከበፊቱ እጅግ አንሶ ያዩታል፤ ዓሣውም አብሮ ቀንሷል። በሁለቱ ወገን መካከል ያለው ክርክር ከአንድ ትውልድ በላይ ቆይቷል። ከአንድ ተፋሰስ ወደ ሌላ ውሃ ማሻገር ከባድ ነገር ነው። እኛ በወጣትነታችን ስናጠና የምናሰላው የሚደርሰውን ውሃ ብቻ ነበር። የሚቀረውን ወንዝ ማንም አስሉ አላለንም፣ እኛም አልጠየቅንም። ዛሬ ትምህርት ክፍሎቻችንን የምትመሩ መምህራን ይህን ለተማሪዎቻችሁ እንደምታስተምሩ ተስፋ አለኝ።

ስለ ሞፋት ሳስብ የኛ ባቡር ትዝ ይለኛል። ሞፋት ሐዲዱን ማስቆፈር በጀመረበት በ1902 ማብቂያ ላይ የጅቡቲው ባቡር ድሬዳዋ ደርሶ ነበር። እዚያም ገንዘብ አለቀ፣ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ኩባንያ ተረከበ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ፈቃዱን ከአጤ ምኒልክ የተቀበለው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የሞተው በ1916 ነው። ባንድ ዘመን፣ በሁለት አህጉር፣ ሁለት ሰዎች የጀመሩት ሐዲድ ሲደርስ ሳያዩ ሄዱ።

ሞፋት የቱ ላይ ተሳሳተ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ተራራው ይበሳል ማለቱ ላይ አይደለም፤ ተበስቷል። በአንድ ሰው ኪስ ይበሳል ማለቱ ላይ ነው። ባለአክሲዮኖቹና አበዳሪዎቹ እምቢ ሲሉት ተቀናቃኝ ሆነው ታዩት እንጂ፣ ነገሩ የነሱም እስካልሆነ ድረስ እንደማይሠራ አልታየውም። ጎርፉ ያስተማረው ይህን ነው። የአንዱ ጎርፍና የአንዱ ተራራ ባንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ሥራው ተጀመረ። ይሁንና እሱ ያንን የማይሆን ሐዲድ አናቱ ላይ ባይዘረጋ፣ ከዴንቨር እስከ ተራራው ልብ ያለውን መስመር ባያስጨርስ፣ ዋሻ ይበሳ ብሎ ድምፅ የሚሰጥ ሰው ከየት ይመጣ ነበር? ግማሽ የተሠራ ነገር ሰውን አያስተኛም።

መጨረሻ ላይ ስለዚያ ጥናት ልንገራችሁ። ከሁለት ዓመት በፊት ከኛ በብዙ ባች የሚያንስ፣ እኛ በጀመርንበት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ልጅ ለስብሰባ ዴንቨር መጥቶ ቤቴ እራት በላ። ወሬ ስናወራ የዚያን ሸለቆ ስም ጠራሁለት። ቦታውን ያውቀዋል። ዋሻው ዛሬም የለም፣ የሚሠራውም ያለ አይመስልም። ግን ድንጋዩን ለማየት ካስቆፈርናቸው ጉድጓዶች አንዱ ውሃ አግኝቶ ነበር። እኛ በሪፖርቱ ውስጥ አንድ መስመር ጽፈን አልፈነው ነበር፣ ለዋሻው ችግር ነው ብለን። ከኛ በኋላ የመጡ ሰዎች ያንን መስመር አንብበው ጉድጓዱ ላይ የእጅ ፓምፕ ተክለውበታል። የሰፈሩ ሴቶች ከዚያ ይቀዳሉ። ልጁ በስልኩ ፎቶውን አሳየኝ። የፓምፑ ዙሪያ ጭቃ ነው፣ ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል።

ያን ሌሊት ብዙ አልተኛሁም። ሞፋት ትንሹን ዋሻ አላሰበውም፣ እኛም ፓምፑን አላሰብነውም። በመኪና ማቆሚያዋ ቤት ውስጥ የደመደምኩት ነገር ስህተት እንደነበር ከሰላሳ ዓመት በኋላ ነው ያወቅሁት። ጓዶቼ፣ እናንተም በየመደርደሪያው የቀረ ጥራዝ አላችሁ። የዘንድሮው በዓላችን ላይ ስንገናኝ ስለ ተመረቀው ብቻ አናውራ፤ ሳይጨርስ ስለ ቀረውም እንጨዋወት። መምህራኑም ወጣቶቹም እዚያው ይኖራሉ። ማን ያውቃል፣ አንዱ ከመሐል የኛን አንድ መስመር ፈልጎ ያነብ ይሆናል።